ከቦዩ ማዶ ያለው ሳር

ማክሰኞ ነበር። አሁን ሳስበው የመጨረሻው ማክሰኞ እለዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን እንዲሁ ማክሰኞ ነበር።

ከቡራዩ በጠዋት ወጣን። ቡራዩ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር፤ እናታችን ያለችው ሰበታ ነው። ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኛል ልበል ወይስ ይበልጠኝ ነበር፣ እስካሁን አልለየልኝም። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከእኔ ጋር ውጣና እግርህ ይፍታታ ብሎ ወደ ሥራው አስገባኝ። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

ሥራው ድርቆሽ ነው። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ፤ ይህን ማስረዳት ይቀለኛል።

የሱሉልታ ሜዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣል። ጥቅምት ሲገባ ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ ጫፉ መቅላት ይጀምራል። ገበሬው ለራሱ ከብት የሚበቃውን ያስቀርና የተረፈውን በቁሙ ይሸጣል። በቁሙ ማለት ሳይታጨድ፣ እንደበቀለ። ገዢው ዞሮ አይቶ፣ ገምቶ ይገዛል። ከዚያ በኋላ አጫጅ መቅጠሩ፣ ማድረቁ፣ ማሰሩ፣ መኪና መፈለጉ የገዢው ጣጣ ነው። ወንድሜ እንዲህ እየገዛ ቡራዩ ውስጥ የወተት ላም ላላቸው፣ ሰበታና ዓለም ገና በሬ ለሚያደልቡ ሰዎች ይሸጥ ነበር። ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን ደግሞ ሜዳው ሲደርቅና ከብት ሲርበው። "እኛ ሳር አይደለም የምንሸጠው፣ ጥር ወርን ነው" ይል ነበር። ሰው ሲስቅለት ደስ ይለዋል።

በዚያ ሜዳ ላይ ወረቀት የለም። ሳር የገዛ ሰው ከባለቤቱ ጋር ድንበሩን ይዞራል፤ በየማዕዘኑም አንድ ጭብጥ ሳር ሳይቆርጥ፣ እንደቆመ ይቋጥረዋል። ቋጠሮው ይህ ሳር ተሸጧል ማለት ነው። የሚቋጥረው ገዢው ነው፤ ባለቤቱ እጁን አይሰድም። የሚታጨድበት ቀን ሲደርስ ገዢው በራሱ ማጭድ አራቱን ቋጠሮ ይቆርጥና ለባለቤቱ ያስረክባል፣ ባለቤቱም ለላሙ ይሰጣል። ከዚያ በፊት አጫጅ አይገባም። ሌላ ሁለት ነገር አለ። ቋጠሮ የፈታ ሰው በዚያ ሜዳ ሁለተኛ አይነግድም፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስወጣዋል። ያልተቋጠረ ሳር ግን ቀድሞ ማጭድ ላስገባበት ሰው ይሆናል። ባለቤቱ ዋጋውን ተቀብሏል፣ ምልክት ማድረጉ የገዢው ሥራ ነበር፣ ስለዚህ ክስ የለም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ያን ዕለት አዲስ ስኒከር አድርጌ ነበር። ነጭ ነው። ከሳምንት በፊት መርካቶ ተከራክሬ የገዛሁት። ታክሲ ውስጥ ወንድሜ ጫማዬን አይቶ ረዳቱን ጠራና፣ "ለዚህ ልጅ ሁለት ወንበር ቁጠርለት፣ አንዱ ለጫማው ነው" አለው። ረዳቱ እውነት መስሎት ዞሮ አየኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

የሳሩ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ወንድሜ ኦቦ ብሎ ስማቸውን ያስከትላል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁን።

"አካም ቡልተኒ?" ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው ወንድሜ።

"ነጋ፣ ገለተ ዋቃ" አሉ፤ ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ "ተማሪውም መጣ" አሉኝ።

"ተማሪ አይደለም፣ ሙሽራ ነው" አለ ወንድሜ፤ "ጫማውን አይዩትም?"

ሽማግሌው ጫማዬን አዩና ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው፣ "ሜዳው ገና አልደረቀም" አሉ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት።

ወንድሜ ሳር ሲያይ ቀልዱ ይጠፋል። ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይቆማል፣ በመዳፉ ይደባብሳል፣ አንዱን ነቅሎ ያኝካል። አንድ ጭብጥ ይዞ ጆሮው ጋ ያሻሸዋል። ድምፁ ይነግረኛል ይላል። እኔም ሞክሬያለሁ፣ ለእኔ ሳር የሚሰማው እንደ ሳር ነው። ከቦዩ ወዲህ ያለው ሳር አጠር ያለ ነበር፣ መካከሉ ላይ አረም ነበረበት። ከቦዩ ማዶ ግን የሽማግሌው መሬት እንደ ምላስ ወደ ረግረጉ ይገባል፣ እዚያ ያለው ሳር ረጅምና ቀጭን፣ አረም የሌለበት ነው። ወንድሜ ከሩቅ አይቶት ዝም አለ። ዝም ሲል የወደደው ነገር አለ ማለት ነው። ሽማግሌውም ያውቁታል፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ሁለቱም እንዲያ ብዙ ቆሙ። በኋላ ወንድሜ ስለ አረሙ ማማረር ጀመረ፣ ሽማግሌው ስለ ልጆቻቸው ብዛት ማውራት ጀመሩ፣ ተስማሙ። ወንድሜ በእጁ የነበረውን ሁሉ እዚያ አስገባ። ዓርብ ጠዋት እንገባለን አለ። ሽማግሌው ከዓርብ ማለፍ የለበትም አሉ፤ እሑድ ከብት ይለቀቃል።

ከማዶው ምላስ አጠገብ ያለውን የጎረቤት ሳር የገዛ ሌላ ነጋዴ ነበር። ወንድሜ ኮፍያው ነው የሚለው፣ ቀይ ኮፍያ ከራሱ ላይ አይወርድም። አንድ ዓመት መኪና በጋራ ተከራይተው ያውቃሉ። ከዚያ ማዶ ሆኖ እጁን አነሳልን።

"አረሙን ገዛኸው አይደል?" ብሎ ጮኸ።

"አንተ እንዳትገዛው አዝኜልህ ነው" አለ ወንድሜ።

ሰዓት ለመቆጠብ ሁለት ሁለት ማዕዘን ተከፋፈልን። እሱ በላይ በኩል ያሉትን ሁለቱን፣ እኔ በታች በኩል አንዱንና ከቦዩ ማዶ ያለውን። የታቹን ቋጠርኩ። ከዚያ ቦዩ ጋ ደረስኩ። ውሃው ጥቁር ነበር፣ ጉልበት ይደርሳል። ዳሩ ጭቃ ነው። ጫማዬን ማውለቅ እችል ነበር። ግን ካልሲ ማውለቅም፣ ሱሪ መጠቅለልም አለው። ቆሜ ማዶውን አየሁት፤ የማዕዘኗ ድንጋይ እዚያ ትታያለች፣ ሠላሳ እርምጃ ብትሆን ነው። ከዚያ ቦዩ ዳር ቁጢጥ አልኩ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የምቋጥር እንዲመስል እጄን በሳሩ ውስጥ አንቀሳቀስኩ። ጥቂት ቆየሁ። ተነሳሁና ተመለስኩ።

"ቋጠርከው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ምሁሩ፣ እግርህ እንዴት ሳይረጥብ?"

"ዘለልኩት።"

"ወይ መዝለል" አለ። ሌላ አልጠየቀም። ሽማግሌው ቤት አሬራ ሰጡን፣ ጠጣን፣ ወደ ቡራዩ ተመለስን። ማታ ቤት ውስጥ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬያለሁ። ምንም ያወራን አይመስለኝም። እሱ በስልኩ ኳስ እያየ ነበር፣ እኔ ጫማዬን በጨርቅ እየጠረግኩ።

ረቡዕ ጠዋት እሱ ወደ ዓለም ገና ሄደ። በሬ የሚያደልብ ሰው አለ፣ ከእሱ ጋር ሊስማማ። እኔ ቡራዩ ቀርቼ ለቅዳሜ አይሱዙ እንዳፈላልግ ነገረኝ። አጫጆቹን እሱ ራሱ አስቀድሞ ይዟቸዋል፣ አምስት ሰው ናቸው፣ ዓርብ በጠዋት በቀጥታ ሜዳው ላይ ይመጣሉ። በሩ ላይ ሲወጣ አላየሁትም። ተኝቼ ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎት ነበር።

"ሰውዬው ተስማማ" አለኝ። "ግን የፈለገው ከማዶ ያለውን ብቻ ነው። ረጅሙን። እንደነገርኩህ በሬዎቹን ለገና ነው የሚያወጣቸው። የማዶውን ቋጥረኸዋል አይደል?"

"አዎ" አልኩት።

"በል ቻው፣ ባጃጅ ይዣለሁ።"

ይህ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠየቅኩ፣ ሁለት ጊዜ አዎ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገ ሄጄ እቋጥረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ ሥራ የለኝም፣ ዝም ብዬ ሄጄ ጫማዬን አውልቄ እሻገራለሁ። ማንም አያውቅም። እንዲህ ብዬ ካሰብኩ በኋላ ቀለለኝና ቁርስ በላሁ፤ ወጥቼም አንድ አይሱዙ ተነጋገርኩ።

ቀጥሎ የደወለው ከእሱ ስልክ ሌላ ሰው ነው። የዚህ ስልክ ባለቤት ምንህ ነው አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። ከዚያ አሸዋ የጫነ መኪና ባጃጁን ከኋላ እንደገጨው፣ ሾፌሩ እንደተረፈ ነገረኝ። ሾፌሩ ተርፏል ሲለኝ የባጃጁ ይሁን የመኪናው አልጠየቅኩም። እስካሁንም የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ቦታውን ነገረኝ፣ ዓለም ገና ከመገንጠያው ትንሽ አለፍ ብሎ። እኔ የመለስኩለት፣ እሺ አመሰግናለሁ፣ የሚል ነው። እንደ ዕቃ ሻጭ።

ከቡራዩ ዓለም ገና የሄድኩበትን መንገድ መጻፍ አልችልም፤ አላስታውሰውም። አጎቴ ከእኔ በፊት ደርሶ ነበር። ስልኩን ፖሊስ ይዞታል አሉ። ያን ስሰማ የሽማግሌው ቁጥር ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ሰዓት ያሰብኩት ይህንን ነው።

ሐሙስ ሰበታ ተቀበረ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ በሁለት ሴቶች ተይዛ ሄደች። እኔን ማንም አልያዘኝም፣ አልጮህኩምና። ቄሱ ሲያነቡ ዓይኔ መቃብሩ ዳር የበቀለው ሳር ላይ ነበር። ገና አረንጓዴ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል እያልኩ ነበር። ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። ቀና ብዬ አየሁ፣ የሰማ ሰው የለም። ከዚያ ደግሞ ሰማዩን አየሁት። ደመና የለም፣ ለማጨድ ጥሩ ቀን ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሄጄ እቋጥረዋለሁ ያልኩበት ቀን ነው።

ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ሰው ይገባል፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቀርብለታል። አጎቴ አጠገቤ መጥቶ፣ "አልቅስ ልጄ፣ ውስጥህ አታስቀረው" አለኝ። እሺ አልኩት። ስለ ወንድሜ የማስብ መስሎት ነበር። ሁሉም መስሏቸው ነበር። አንዲት ጎረቤት፣ ይህ ልጅ ኀዘኑን ዋጥ አድርጎታል ስትል ሰማኋት። እኔ የማየው ግን ያቺን የማዕዘን ድንጋይ ነው። ወንድሜን ለማሰብ ስሞክር እሷ ትመጣለች። ፊቱን ለማሰብ ስሞክር ቦዩ ይመጣል። ጥቁሩ ውሃ። አፈርኩ። ግን ማፈሩም ሩቅ ነበር፣ የሌላ ሰው ዓይነት።

ዓርብ በጠዋት ድንኳን ውስጥ ካደሩት ሰዎች መሀል ተነሳሁ። ጫማዬን ፈልጌ ሳደርግ እናቴ ከጓዳው በር ላይ አየችኝ። ዓይኗ አብጦ ጠቧል።

"የት ነው?" አለችኝ።

"ሱሉልታ።"

"ሳሩ ነው?"

"አዎ። ለዛሬ ቀጥሮ ነበር።"

በሦስተኛው ቀን ከድንኳን የሚወጣ ወንድም በእኛ አገር ያሳፍራል፤ አጎቴ ቢሰማ ይቆጣ ነበር።

"ሂድ" አለች። "ያለውን ሁሉ እዚያ ነው ያስገባው። ለሰው እኔ እመልሳለሁ።"

ሦስት ታክሲ ቀየርኩ። የሱሉልታው ላይ፣ ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርንበት፣ ረዳቱ ያው የማክሰኞው ነበር። አላወቀኝም ወይም ዝም አለ። ጥቁር ጃኬት ለብሼ ነበር፣ የአጎቴን ልጅ ጃኬት፣ ይሰፋኛል።

አምስቱ አጫጆች ሜዳው ዳር ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቋጠሮ ስላልተቆረጠ አልገቡም። ወንድሜ ከሽማግሌው ቤት ያስቀመጠውን ማጭድ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ።

"ዘገያችሁ" አሉ። "እሱስ? ዛሬ አንተን ብቻ ልኮ ተኛ?"

መንገድ ላይ ምን ብዬ እንደምናገር ሳስብ ነበር የመጣሁት። አንዱም አልመጣም።

"ሞተ አባባ" አልኩ። "ረቡዕ። መኪና ነው። ትናንት ቀበርነው።"

"ዱኤ? ሞተ?" አሉ፣ ቀስ ብለው። አዎ አልኩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ "ያ ዋቅ" ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። አጫጆቹ ከወዲያ ሆነው አዩንና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የተባለውን ሰምተዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እያዞሩ ብዙ ተቀመጡ። እናትህ አለች ወይ አሉኝ። አለች አልኩ። ሌላ ወንድም አለህ ወይ አሉኝ። የለኝም አልኩ።

ከዚያ ነው ወደ ማዶ ያየሁት።

ከቦዩ ማዶ ሳር አልነበረም። መሬቱ ተላጭቷል። ሳሩ በረድፍ ተኝቶ ፀሐይ እየመታው ነው፣ ከጎረቤቱ ሳር ጋር አንድ ላይ። የኮፍያው አጫጆች ከዚያ ወዲያ ገና እያጨዱ ናቸው። ቀዩ ኮፍያ ራቅ ብሎ ይታያል።

ሽማግሌው የማየውን አዩ።

"ትናንት ነው" አሉ። "እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ጨርሰውታል። የማነው ብላችሁ ገባችሁ አልኩት። ቋጠሮ የለም፣ የእኔ ድንበር መስሎኝ ነው አለ። ሄጄ ማዕዘኑን አየሁ፣ የለም። እኔም የምለው አጣሁ።"

ዝም አልኩ።

"ግን የወንድምህን ነገር ስሰማ አሁን አሰብኩ" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወንድምህ ሰባት ዓመት ከእኔ ገዝቷል። አንድ ቀን ማዕዘን ዘሎ አያውቅም። ማክሰኞ ደግሞ ከወዲህ ሆኜ አንተን ቦዩ ዳር አይቼሃለሁ፣ አጎንብሰህ ነበር። እንግዲህ ቋጠሮው ነበረ፣ የፈታው ሰው አለ ማለት ነው። አይደለም?"

ዓይኔን ከቦዩ አላነሳሁም።

"ሽማግሌ ዛሬውኑ እጠራለሁ። አንተ አራቱን ቋጥረናል በል። ሌላ አትጨምር፣ ሌላውን እኔ እናገራለሁ። የሞተ ሰው ሳር ነው፣ ማንም አያመነታም። ሳሩም ይመለስልሃል፣ ሰውዬውም ከዚህ ሜዳ ይወጣል። ለእናትህ ይሆናል፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው። ይሆን ነበር። ያ ሳር ታጭዶ ተኝቷል፣ አይሱዙ አግኝቼለታለሁ፣ ዓለም ገና ያለው ሰው የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው። ወዲህ ያለው አጭሩ ሳር ወጪውን ከመለሰ ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜ ያለውን ሁሉ ያወጣው ለማዶው ነው። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር፣ ያንን ቃል ደግሞ ለራሱ ለወንድሜ ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ። ሦስተኛው ምንም አይከብድም ነበር። አፌ ላይ ነበር።

ከዚያ ማዶ ኮፍያው አየንና እጁን አነሳ። ልክ እንደ ማክሰኞው። ወንድሜን እየፈለገ ይመስለኛል፣ የሚወረውረው ቀልድ ሳይኖረው አይቀርም። ምንም አልሰማም።

"አላሰርኩትም" አልኩ።

"ምን?"

"የማዶውን አልቋጠርኩትም አባባ። ቦዩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ያጎነበስኩት የምቋጥር እንድመስል ነው።"

ሽማግሌው ፊቴን አዩ። ከዚያ ጫማዬን አዩ። ማክሰኞ እንዳዩት ነው፣ ምንም አላሉም።

"ወንድምህ ያውቅ ነበር?" አሉኝ።

"አያውቅም። ቋጥሬዋለሁ አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር።"

ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። የሚቆጡ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ ደስ ይለኝ ነበር። አልተቆጡም። አጽናኑኝም አልልም።

"እንግዲያው የማዶው ሄዷል" አሉ።

"አዎ።"

"ክስም የለው።"

"አዎ።"

"ቶሌ" አሉ። እሺ ማለት ነው። መሬቱን ተደግፈው ተነሱ። "በል፣ ሰዎቹ ፀሐይ እየመታቸው ነው።"

የወንድሜን ማጭድ ከአጥሩ ላይ አወረድኩ። እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞበታል፣ ጨርቁ የአሮጌ ሸሚዜ ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ወደ ላይ ወጣሁና እሱ የቋጠራቸውን ሁለቱን ቆረጥኩ። የእሱ ቋጠሮ ጠበቅ ያለ ነው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ከዚያ ወርጄ የእኔን ቆረጥኩ፤ የእኔ ላላ ብሎ ነበር። ሦስቱን ይዤ መጥቼ ለሽማግሌው በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ። ሦስቱን አንድ ላይ በግራ እጃቸው ያዙ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ፤ ከልማድ ይመስለኛል፣ ሁልጊዜ አራት ነውና። ከዚያ ሰበሰቡት፣ ወደ ላማቸው ሄዱ።

ቦዩን ተሻገርኩ። ጫማዬን አላወለቅኩም። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጉልበቴ ድረስ ገባ፣ ጭቃው አንድ ጊዜ ያዘኝና ለቀቀኝ። ሠላሳ ብዬ የገመትኩት ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። የማዕዘኗ ድንጋይ ጋ ቆምኩ። ኮፍያው እየሳቀ ወደ እኔ መጣ፣ ቀረብ ሲል ጃኬቴን አየና ሳቁ ቆመ። ነገርኩት። ኮፍያውን ሲያወልቅ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፣ ራሱ ላይ ፀጉር የለም። የታጨደውን ሳር እያሳየ የሆነ ነገር ማለት ጀመረ። የአንተ ነው አልኩት፣ አልተቋጠረም ነበር። ግማሹን ውሰድ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለምን አይሆንም እንዳልኩ አሁንም አላውቅም፤ ብወስድ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። እናቴ ትጠቀምበት ነበር።

ተመልሼ ተሻገርኩ። ጫማዬ ይንቦጫረቃል፣ በየእርምጃው ውሃ ይተፋል። አጫጆቹ ተነስተው ቆመዋል። ወንድሜ በዚህ ሰዓት የሚላቸው አንድ ቃል ነበር፣ እኔ ብዬው አላውቅም።

"ግቡ" አልኳቸው።

ገቡ። አምስት ረድፍ ያዙ። ማጭዱ በእጄ ነበርና ስድስተኛውን እኔ ያዝኩ፣ ከቦዩ ወዲህ ካለው ዳር፣ አረሙ ከበዛበት በኩል። አጎነበስኩና አንድ ጭብጥ ያዝኩ።